በመስኮት ስለተወረወሩት የትሕትና ጠጠሮች

ይድረስ ለተከበሩ ርእሰ መምህር አቶ ገብረመስቀል፤ ላሊበላ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የአሸተን ተራራ ብርድ ወገብዎን እንዳይነካው፣ ድምፅዎም በጠዋቱ ሰልፍ እንዳይዘጋ እየተመኘሁ፣ እኔ የሁለተኛ ክፍሏ የትሕትና እናት ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የልጄን ችግር በአንድ እይታ ስለደረሱበት አመሰግናለሁ። ትሕትና ውዳሴ ማርያምን ከአባቷ ከቄስ ወልደ ኪዳን ሰምታ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ሰባትና አምስት ደምሪ ስትባል ግን ትደነግጣለች። እርስዎም ቢሮ አስጠርተውኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጅሽ ሰነፍ ናት፤ አንቺም አትከታተያትም» አሉኝ። ሐኪም እንኳ ከመፍረዱ በፊት ምላስሽን አውጪ ይላል።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሷ መምህርት ስለ ባንችይርጋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእርስዎ ፍርድ ሳይበቃት በእረፍት ሰዓት ከልጄ ጋር ተቀምጣ ሁለት የጠጠር ክምር አሳየቻት። ሌሎች ልጆች በዓይን ብቻ የሚበልጠውን ሲለዩ፣ ትሕትና አንድ በአንድ ካልቆጠረች አታውቀውም። ሁለተኛውን ቁጥር ስትሰማም የመጀመሪያው ከአእምሮዋ ይወጣል። መምህርቷ ይህ ስንፍና እንዳልሆነ፣ አእምሮዋ ብዛትን ለመለየትና ቁጥርን ለጊዜው ይዞ ለማቆየት እንደሚቸገር፣ በሚጨበጥ ነገር ካስተማሯት ግን እንደምትችል አስረዳችኝ። በዚያ ሳምንት ልጄ እየሮጠች ቤት ገብታ፣ «እማዬ፣ ቁጥሩ ዛሬ አልጠፋብኝም» አለችኝ።

እርስዎ ግን ንቁ ነዎት። ክፍሉን ሲጎበኙ ትምህርት ቤት የገበጣ ሜዳ አይደለም ብለው ጠጠሮቹን በመስኮት ወረወሯቸው። አብያተ ክርስቲያናት ከአለት በተፈለፈሉበት ከተማ ድንጋይን ከትምህርት ማገድ ቀላል ድፍረት አይደለም። ልጄም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። እርስዎም ያልገባትን ያንኑ በዚያው መንገድ ትደግመው ዘንድ ወደ አንደኛ ክፍል እንድትመለስ ወሰኑ።

ባለፈው ዓርብ የወላጅ ኮሚቴው አቤቱታዬን ተቀብሎ፣ መምህርቷ ባለችበት ትሕትናን በጠጠር ፈተናት። አንዱን ሳተች፣ ሌላውን ሁሉ መለሰች፤ ባለችበት ክፍል እንድትቀጥልም ተወሰነ። በስብሰባው ላይ ባለመገኘትዎ ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነበር።

ሞገስዎን ያብዛልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
አሰለች ሞላ

ማስታወሻ፦ ትሕትና ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ፣ ነገሩ ላልገባቸው ለርእሰ መምህሩ ነው አልኳት። «ታዲያ አትቆጫቸው፤ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው» አለችኝ። ስለዚህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቀስ ብዬ ነው።