ከትምህርት ቀርታ የማታውቀው ናፊሳ

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ጉንፋኑ ቢሮዎ እንዳልደረሰ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በርዎ ላይ «ሳያስፈቅዱ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ስላለ፣ በሽታውም እንደ እኛ እንደ ወላጆቹ ደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኛል።

እኔ በባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊና የሁለት ተማሪዎችዎ አባት ነኝ። ትምህርት ቤቱ ኢንፍሉዌንዛን ለመከላከል ስላደረገው ጥረት ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የታመሙት ከጤነኞቹ ይለዩ የሚለው መመሪያ ሳይውል ሳያድር ተፈጽሟል። ዘጠና አራት ልጆች በሚማሩበት ክፍል የሚያስሉት ወደ ኋለኛው ረድፍ ተዛውረው፣ ከሌሎቹ ጋር ያንኑ አየር እየተነፈሱና በሰንሰለት በታሰረው በአንዱ ጣሳ ውኃ እየጠጡ ተለይተዋል።

2ኛ. ልጆቹ ባቡር ሲያልፍ እያዩ እንዳይዘናጉ አምና በሚስማር የተመቱት መስኮቶች ዛሬም እንደተመቱ ናቸው። ለዚህ ጽናት አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

3ኛ. ከከተማው ትምህርት ቤቶች መካከል አንድም ቀሪ የሌለበት ክፍል ቀይ ዓርማ እንደሚሸለም በተነገረበት ሳምንት፣ አራተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ናፊሳ ትኩሳት ይዟት ነበር። ቤት ላስቀራት ብል በእሷ ምክንያት ክፍሏ እንዳይሸነፍ አልቅሳ ለመነችኝ። እኔም አንገቷን በሻሽ ጠምጥሜ እስከ ክፍሉ በር አደረስኋት። ይህ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም። በስድስተኛው ቀን ቀበርናት።

ክፍሉ ግን ዓርማውን አላጣም። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ የናፊሳ ስም በየጠዋቱ ይጠራል፤ አብራት ትቀመጥ የነበረችው ሃሊሞም በታዘዘችው መሠረት «አቤት» ትላለች። መምህሯ ወይዘሪት ሰርካዲስ እዚያ ስም ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከመዝገቡ እንደማያነሡ ልጆቹ ነግረውኛል። ለሦስት በተሠራው ዴስክ አምስት በሚቀመጡበት ክፍል፣ የናፊሳን ቦታ የሚደፍር የለም። ሃሊሞ በልጄ ስም መመለስን ከመልመዷ የተነሣ፣ የራሷ ስም ሲጠራ ዝም ማለት ጀምራለች።

በግድግዳው ማዶ የምትማረው ታናሿ ሰምሰም ይህን ሁሉ ትሰማለች። እኅቷ ትምህርት ቤት ከመጣች ወደ ቤት የማትመለሰው ለምን እንደሆነ ጠይቃኛለች። እኔም ጥያቄውን ለሚመለከተው ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

ስለዚህ የልጄን ስም ከመዝገቡ እንዲሰርዙልኝ፣ የታመመ ልጅም ቤቱ እንዲተኛ እንዲፈቅዱ በትሕትና እለምናለሁ። ዓርማው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄድ የሚደርስብዎትን ኀዘን አላቃልልም፤ እኔም ኀዘን ምን እንደሆነ በመጠኑ አውቃለሁ።

ለትጋትዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከወላጆች ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ዋበሪ ሊበን

ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ሰምሰም ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች፤ ነገም አትመጣም። ስሟ ሲጠራ ማንም «አቤት» እንዳይልላት አደራ እላለሁ። እሷ ገና በሕይወት አለች።