ጉድጓዱ አፈር ሳይለብስ እንዲታይልን

የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳው ገዥ
ቡታጅራ

አመልካች፦ ወይዘሮ ሳሌሃ ሰማን፣ የመስቃን ነዋሪ፣ የምንጭ ጠባቂዎች ማኅበር ተወካይ

ጉዳዩ፦ ነዳጅ ፈላጊው ኩባንያ ከምንጫችን በላይ የቆፈረውን የዝቃጭ ጉድጓድ ከመድፈኑ በፊት መርማሪ እንዲላክልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎንና ሹመትዎን አላህ ያጽናልን እያልኩ፣ ከደጅዎ ቆሜ የማመለክተው የሚከተለውን ነው።

፩. አምና ከመስቀል በኋላ ኩባንያው መቆፈሪያ ማሽኑን ይዞ መጥቶ በጀፎረአችን ላይ ልስፈር ሲል ጠየቀን። ጀፎረ በቤቶቻችን ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሙሽራ የምንቀበልበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ማንም የማያጥረው የሁላችን ደጅ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ መከረ፤ ነዳጅ ቢወጣ ለአገር ይጠቅማል ብለን እሺ አልን። ልማት የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ይህን አድምቀህ ጻፍልኝ ብዬዋለሁ ጸሐፊውን።

፪. እሺ ያልነው ግን በሦስት ነገር ነበር። ከመቆፈሪያው የሚወጣው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ከምንጩ ርቆ እንዲቆፈር፤ መድኃኒት የተቀላቀለ ውሃ በግፊት ወደ ምድር ሲሰዱ እኛ የመረጥነው ሰው ቆሞ እንዲያይ፤ ሲጨርሱም ጉድጓዱን በፊታችን እንዲያጸዱ። ፈረንጁ መሐንዲስ በአስተርጓሚ ሰምቶ ተስማማ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁም እንደኛው ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሜን አለ። በእኛ ሥርዓት በሽማግሌ ምርቃት ላይ አሜን ያለ ሰው በቃሉ ታስሯል። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ፈርም ማለት ስድብ ነው፤ እኛም አላልነውም። ይህን ማመልከቻ የሚጽፍልኝ አቶ አስረስ ውላችሁ የታለ ቢለኝ ውላችን አሜን ነው አልኩትና ሳቀ። እሱስ የሰሜን ሰው ነው፣ አገራችንን አያውቅም። የኩባንያው ሰዎች ግን ቆጯችንን እየበሉ ነው የሳቁብን። አሜን ፍርድ ቤት አይቆምም አሉን።

፫. ያን ቀን ያስተረጎመው ታናሽ ወንድሜ አብዶ ሰማን ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ የፈረንጅ ቋንቋ ለምዷል። ማኅበር አቋቁመን ኩባንያው ባጠረው አጥር ውስጥ እየገባ የሚመለከት ሰው ስንመርጥ፣ መንደሩ በአንድ ድምፅ እሱን አለ። መጀመሪያ ላይ እየገባ ያየውን ይነግረን ነበር። ቆይቶ ኩባንያው ካቦ አደረገው፤ የቆዳ ጫማና የብረት ቆብ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ብንጠይቀው መልሱ ሁሉ ደኅና ነው ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው እንምረጥ ብንል በአጥሩ ላይ በር ተሠራ፤ ቁልፉም አብዶ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው። ለፈረንጁ አልጋ፣ ለእኛ ቀጋ ሆነብን።

አቶ አስረስ የቤተሰብ ነገር ለአቤቱታ አይሆንም፣ ተይው ብሎኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ የቤተሰብ ነገር ቢሆንማ በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር። መንደሩ ዓይኑን ለአብዶ አደራ ሰጥቶ ነው የታወረው። እኔም እንደ መንደሩ ተከድቻለሁ፤ የእኔው ግን ይብሳል።

፬. ጉድጓዱ የተቆፈረው ርቆ ሳይሆን ከምንጩ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ከክረምት ጀምሮ ውሃው ላምባ ላምባ ይሸታል። የበርበሬ ችግኛችን ጠወለገ፤ የጎረቤቴ የዘይባ ላሞች ተራ በተራ ያለ ጊዜያቸው ጥጃ ጣሉ፤ ልጆቻችን ገላቸውን ሲያኩ ይውላሉ። አቤት ስንል አብዶ ካኪውን ለብሶ ወደ ጀፎረው ወጣና፣ ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፣ ወሬ አታብዙ ብሎ ሽማግሌዎቹን ተቆጣ። በአባታችን እኩዮች ላይ ድምፁን ሲያነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው።

፭. በአረፋ በዓል ወንዶቹ፣ እስላሙ ለሶላት፣ ክርስቲያኑ ለእርሻው፣ በወጡበት ሰዓት ካሚዮን አፈር ጭኖ መጥቶ ጉድጓዱን መድፈን ጀመረ። እኛ ሴቶች ከፊቱ ቆመን ለጊዜው አስቆምነው። ነዳጅ አልተገኘም ተብሎ አሁን ድንኳናቸውን እየነቀሉ ነው። ጉድጓዱ አፈር ከለበሰ ማን ምን ያያል? እነሱ ይሄዳሉ፤ እኛ ከውሃው ጋር እንቀራለን። ስለዚህ ድፈናው በትእዛዝ እንዲቆምልን፣ ውሃ የሚመረምር ባለሙያም ከማኅበራችን ሰዎች ጋር ገብቶ እንዲያይልን እለምናለሁ።

፮. ማስረጃ አምጪ እንደምባል አውቃለሁ። ወረቀት የለኝም፤ ምስክሬ ራሱ አብዶ ነው። በአረፋው ማግስት እንደ ወጉ እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ ቤቴ መጣ። አልወቀስኩትም። በሚጥሚጣ ያበደ ክትፎ አቀረብኩለት፣ ከምንጫችን የቀዳሁትንም ውሃ በጣሳ አስቀመጥኩለት። ክትፎውን በላ፤ ላብ በላብ ሆነ። ጣሳውን አንስቶ ከከንፈሩ አደረሰና ዓይኔን ሲያይ መልሶ አስቀመጠው። አልጠማኝም አለኝ። ሚስቱ ሰፍያ ከክረምት ጀምሮ የቤቷን ውሃ ከማዶው ወንዝ በአህያ እንደምታስጭን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ አብዶን አስጠርተው፣ ከምንጫችን የተቀዳ አንድ ጣሳ ውሃ በፊትዎ ያስቀርቡለት። ካልጠጣ ጉድጓዱ ይታይልን። እልህ ይዞት ሊጠጣ ቢያነሳው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ጣሳውን ከእጁ ይቀበሉልኝ። የእናቴ ልጅ ነው።

ፍርድዎን ከምትጠብቅ መንደር ሰላምታ ጋር፣

ሳሌሃ ሰማን
(የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)