«ጠቅ» ብላ ስለቀረችው አምቡላንስ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደ አዲሱ የቢሮ ወንበርዎ የተመቻቸ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ እየጠገንኩ በኤሌትራውቶነት ያገለገልኩ ሠራተኛዎ ይህችን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአክብሮት ለጥፌያለሁ።

አንደኛ፤ ሰኞ ጠዋት አምቡላንሷ ቁልፍ ሲዞርባት «ጠቅ» ብላ ዝም ስትል፣ ሦስት እርምጃ ርቄ የቆምኩትን እኔን አልፈው መኪና በኮምፒውተር የሚመረምረውን ወጣቱን ባልደረባዬን ስለጠሩ አመሰግናለሁ። «ባትሪው ሞቷል» አለ። እርስዎም «የተማረ ይግደለኝ!» አሉ። ባትሪው ተቀየረ፤ አሁንም «ጠቅ»።

ሁለተኛ፤ ማክሰኞ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ወርዶ አዲስ ሲገጠም፣ ለባልደረባዬ ሻይ በገዛ እጅዎ ሲያቀርቡለት አይቻለሁ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእጅዎ የተቀበልኩት የመኪና ቁልፍ ብቻ ነው። ቅናት ነው ካሉኝ፣ አዎን ነው። አምቡላንሷም አልተነሳችም።

ሦስተኛ፤ ረቡዕ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ጠብቃ ጠብቃ በአትክልት መኪና መጣች፤ ልጇንም ከቃሪያ ጆንያ መሃል ተገላገለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ያኔ ሹፌራችን «ጋሼ፣ በሞቴ ይዩልኝ» ብሎ ለመነኝ። ቁልፉን እያዞረልኝ በሜትር ለካሁ፤ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ኃይሉ ግን ሞተሩ ጋ አይደርስም። ባትሪውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ሥሩ ዝጎ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አጥብቄ አሰርኩት፤ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

አራተኛ፤ ሐሙስ በስብሰባ ላይ ባልደረባዬን ስላሞገሱት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እሱ ተነስቶ «እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ ናቸው የሠሩት» ሲል፣ «ትሕትናውን አያችሁልኝ!» ብለው አስጨበጨቡለት። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ልጁ ጨዋ ሆኖ መገኘቱ ከሁሉ ይልቅ አናዶኛል፤ በሰላም እንዳልጠላው አደረገኝ።

ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከመኪና ሥር፣ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ እጅ የምነሳዎት፣
ያልተጠየቀው ኤሌትራውቶ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ቁልፉ ሲዞር የፊት መብራቶቹ ቅንጣት አልደበዘዙም። ባትሪው እንዳልሆነ ያኔውኑ አውቄ ነበር። እርስዎ አልጠየቁኝም፤ እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ልጁ ሲሳሳት ማየት ጣፍጦኝ። እናትየዋን ከአትክልት መኪናው ያወረድኳት እኔ ነኝ፤ እጄን ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ትናንት ሄጄ እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የእርስዎን ድርሻ ግን ሳልነካ ትቼልዎታለሁ። አልጋዋ ሰባት ቁጥር ነው፤ እስከ ቅዳሜ አለች።