የተቀባዩ ቦታ

ይድረስ ከአባይ ማዶ ላሉት ለአባባዬ። እንዴት ከረሙልኝ? ወገብዎት ከአጨዳው ወዲህ ተሻለዎት? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ከብቱስ ሰላም ነው? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ሕሊናዬ ግን እረፍት ነስቶኛል፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ዘጋሁት። እኅቴ ሰርኬ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ኅዳር ላይ የአጨዳ ዘፈንዎን በስልክ እንዲያዜሙልኝ ለምኜ መቅዳቴን ያስታውሳሉ። እዚህ 18 ማዞሪያ አጠገብ የሚለማመድ የዘፈን ቡድን አለን፤ የኔ ሥራ የአገር ቤቱን ዜማ ለአራት ዓይነት ድምፅ ማከፋፈል ነው፤ ቀጭኑ ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ሆኖ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ስነግርዎት፣ ለአንድ ዘፈን አራት ሰው ምን ያደርጋል፣ የአንዱ ጉሮሮ አይበቃም ወይ ብለው ስቀውብኝ ነበር።

ያን ቀን ሲያዜሙ በየስንኙ መጨረሻ ዝም ይሉ ነበር። እኔ ኔትወርክ መስሎኝ፣ ሄሎ፣ አባባ፣ ይሰማል እያልኩ ጮህኩብዎት። እርስዎ ምንም ሳይመልሱ ቀጣዩን ስንኝ ያወርዱ ነበር። በኋላ ዝምታውን በሙሉ በኮምፒውተር ቆርጬ ጣልኩና ስንኞቹን አገጣጠምኩ፤ በላዩም አራት ድምፅ ከመርኩበት። ለጥምቀት ሰሞን ዘፈንነው፣ ተጨበጨበልን፣ ደረቴን ነፋሁ። ቅጂውን ሰርኬ ስታሰማዎት ሳይጨርሱ ወደ በረት ወጡ አለችኝ። አባባን ዘመናዊ ነገር አልጣማቸውም ብዬ ሳቅሁ። ዛሬ በዚያ ሳቅ አፍራለሁ።

በሳምንቱ አዲስ የገባልን ጌታሁን የሚባል የገበሬ ልጅ ዘፈኑን ሰማና፣ አጨዳ ያለ ተቀባይ አይዘፈንም፣ ተቀባዩን ምን አደረግሽው አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያልተቆረጠውን ቅጂ ሰማሁት። አባባ፣ ዝምታዎቹ ሁሉ እኩል፣ አንድ አንድ ስንኝ ያህል ናቸው። ኔትወርክ ልክ ጠብቆ አይቋረጥም። እርስዎ ሲያወርዱ ይቀበልዎት የነበረው ባምላኩ ነው። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው፣ እርስዎ ግን ዛሬም ቦታውን ይጠብቁለታል። እኔ እኅቱ፣ በሠልስቱ ማግስት ወደ ልምምዴ የሮጥኩት፣ ቦታው ላይ ቆሜ ሄሎ እያልኩ ጮህኩበት፤ ያም ሳይበቃኝ ቆርጬ ጣልኩት። ሰልፉ ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ አላወቅሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ለፋሲካ እንደገና ዝፈኑት ተብለናል። ዝምታዎቹን ወደየቦታቸው መልሻለሁ፤ እዚያ ሲደርሱ አራቱም ድምፆች ያቆማሉ። ለዘፋኝ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ጓደኛችን ፅጌ ሁለቴ ሳታስበው ዘላ ገብታበታለች። ግን ዘፈኑ የእርስዎና የባምላኩ ነው። ተዪው ካሉኝ እተወዋለሁ። ብቻ ቁርጡን ይንገሩኝ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ለጎረቤታችን ለጋሽ ወንድይፍራው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ከዚህ ቀጥሎ የባምላኩ ተራ ነበር። ሰርኬ፣ እዚህ ስትደርሺ አንድ ስንኝ ያህል ዝም በዪ፤ ከዚያ ቀጥዪ።

አንቺንም ዓይንሽን ስሜያለሁ።

ልጅዎ እፀገነት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.