ከበርበሬው አቁማዳ የወጣው ወረቀት

ለልጄ ልጅ ለደረሰ ይሄይስ፣ ጀርመን አገር።

እንደምን ከረምህልኝ፣ የኔ ጌታ? ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? ሆድህስ ሞልቶ ያድራል? እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ፤ አፌም እንደምታውቀው ነው። ሰዉም ከብቱም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ህሊናዬ ነው።

ለኅዳር ሚካኤል በደረሰኝ ደብዳቤህ፣ ባንክ ቤቱ የተወለድህበትን ቀን የሚመሰክር ወረቀት ካላመጣህ ደብተር አልከፍትም እንዳለህ፣ ያለ ደብተር ደግሞ የተማሪው ገንዘብ እንደማይሰጥህ ነግረኸኝ ነበር። እኔም ቄስ ገብረሰንበት ሽንዲ ሄደዋል፣ ሲመለሱ አስጽፋለሁ ብዬ መለስሁልህ። ልጄ፣ ውሸቴን ነው። ቄሱ የትም አልሄዱም። በጠየቅኋቸው ማግስት ከነማኅተሙ ጽፈው ሰጥተውኛል። በርበሬ አቁማዳ ውስጥ የከተትሁት እኔው ነኝ። ያንን ውሸትም ቄሱ እንዳይሰሙ ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ገበያ ላይ ለሚጽፈው ለእንዳለው ከፍዬ አስጻፍሁት።

ለምን ትለኝ እንደሁ፣ አባትህ ነው የታየኝ። እሱም ናዝሬት ወርዶ የባንክ ደብተር አወጣሁ ብሎ በደስታ ጻፈልኝ፤ ይኸው ስምንት ዓመት፣ አንድ ፋሲካ እንኳ ከኔ ጋር አልዋለም። ሰው እህሉን ካስገባበት ጎተራ አጠገብ ይከርማል። አንተም እዚያው ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ። ደብተር ካጣ ይመለሳል አልሁ። አይ ሞኝነቴ!

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ደብዳቤህ መጣ። እንደ ወትሮው ያነበቡልኝ ቄስ ገብረሰንበት ናቸው። ከጓደኛህ እየተበደርህ መብላትህን፣ ካፖርትህን ሸጠህ እኔ የፈተልሁትን ጋቢ ደርበህ በበረዶ መሄድህን፣ ሰውም እየዞረ እንደሚስቅብህ ሰማሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ቄሱን ከሽንዲ በደህና ይመልሳቸው ብለህ ጸልየሃል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ታንጉት፣ ሽንዲ መሄዴን ምነው ሳትነግሪኝ፣ ስንቅ እይዝ ነበር አሉኝ።

የነፍስ አባቴም ናቸውና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አርባ ስግደት አዘዙኝ፤ እሱስ ቀላል ነው። ግን የበደልሽው ልጁን ነው፣ እሱ ይቅር ሳይልሽ አትቆርቢም አሉኝ። ይህንንም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ላሳምረው ብል እሺ አይሉኝም።

ወረቀቱን ይኸው ልኬልሃለሁ። በርበሬ ይሸታል፤ የባንኩ ሰው ቢያስነጥሰው ይማርህ በልልኝ። ደብተርህን ክፈት፣ ብድርህን መልስ፣ ካፖርት ግዛ። መምጣቱንም መቅረቱንም አንተ ታውቃለህ፤ ከእንግዲህ በወረቀት አላስርህም። ይቅር በለኝ ብቻ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ለፋሲካ ባትደርስ ለጰራቅሊጦስ እጠብቃታለሁ።

አክስትህ አቻምየለሽ ጋቢውን እንዳትሸጠው ትልሃለች። ባሏ ታከለ ሰላም ብሎሃል። ልጃቸው እናኑ በረዶው ይበላል ወይ ብላ ትጠይቅሃለች። ቄስ ገብረሰንበትም ጸሎትህ ደርሶ ከሽንዲ በደህና ተመልሰዋል።

የበደለችህ አያትህ ታንጉት
ጅጋ፣ የካቲት 26 ቀን 1957 ዓ.ም.