ቤቷን በጭቃ የዘጋችው ወፍ

ግንቦት 3 ቀን 1980
ዝናቡ ጋብ አለ። የባሌን የጉግሳን ካሜራ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ወደ ሰሜን ሲዘምት "አደራ፣ አቧራ እንዳይገባበት" ብሎኝ ነበር። ፎቶ አታንሺበት ግን አላለም... አንድ ቁራ አነሳሁ። ጀርባውን።

ግንቦት 6
ግራሩ ላይ ቀይ ጠማማ መንቆር ያላቸው ወፎች አሉ። ባልና ሚስት። ሚስቲቱ ግንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ደፈነችው። ከውስጥ ሆና! የቀረችው ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ናት። ባልየው በስንጥቋ በኩል ፌንጣ ያቀብላታል። እንቁላል ልትታቀፍ ይሆን? ወይስ ከዓለም ተጣልታ?

ግንቦት 11
ግራሩም፣ ከአጥራቸው ውጭ የቆመበት ቦታም የጎረቤቴ የጋሽ አብዱልሃሚድ ነው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሁለት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ከ"አካም" እና ከ"ናጋ" ሰላምታ አልፈን አናውቅም። ዛሬ መጥረቢያ ይዘው መጡ።
"መጋዘን ልሠራበት ነው።"
"ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ውስጡ ወፍ አለች።"
"ትውጣ።"
"በሩን ዘግታለች።"
ቀና ብለው አዩ።
"ከውስጥ?"
"ከውስጥ።"
"እስከ ሰኔ መጨረሻ" አሉና መጥረቢያቸውን ይዘው ተመለሱ።

ግንቦት 24
ባልየውን ላነሳ ካሜራውን ደግኜ ስጠብቅ ጭልፊት መጣ። መጮህ ነበረብኝ። እኔ ካሜራውን ተጫንኩ። ባልየውን ይዞት ሄደ... መንቆሯ በስንጥቋ ብቅ ብሎ ነበር። እየጠበቀች።
እራት አልበላ አለኝ።

ግንቦት 25
በዚህ ዕድሜዬ ፌንጣ ሳሳድድ ዋልኩ። ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቤ ወጣሁና በወረንጦ አቀበልኳት። ወረንጦውን ነክሳ ያዘች። አልለቅም አለች።
"ኧረ ልትሰበሪ ነው!" ጋሽ አብዱልሃሚድ ናቸው፣ ከአጥር ማዶ።
"ባልየውን ጭልፊት በላው።"
ወደ ግቢያቸው ገቡ። ከዚያ መሰላል ይዘው መጡ።
"ውረጂ፣ እኔ ልውጣ። ብትወድቂ ባልሽ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?"
ሲመጣ... አሉ።

ግንቦት 30
ጠዋት ጠዋት ከአጥር ማዶ "ጂርቲ?" ይላሉ። አለች ወይ ማለታቸው ነው። "ጂርቲ" እላለሁ። ሱቃቸውን ዘግተው ፌንጣ ይለቅማሉ። ሚስታቸው ከሚላ እኩያዬ ናት። "ሰውዬው ለየለት" አለችኝ። እሷም በጣሳ ፌንጣ ይዛ ነበር የመጣችው።

ሰኔ 4
ቀዳዳው ውስጥ ጫጫታ አለ። ፈልፍላለች!

ሰኔ 14
ጭቃውን ሰብራ ወጣች። ጋሽ አብዱልሃሚድ መሰላሉ ላይ ነበሩ። በክንፏ ፊታቸውን መትታ አለፈች። ይኸው ምስጋናዋ። ትንሽ ቆይታ ፌንጣ ይዛ ተመለሰችና ለጫጩቶቿ አቀበለች። ከእንግዲህ ራሷን ቻለች፤ እኛ ሥራ ፈታን። መሰላሉ ሥር ቆመን ቀረን።
"እንግዲህ..." አሉ።
"እንግዲህ..." አልኩ።
ወደየቤታችን ገባን።

ሐምሌ 2
ጫጩቶቹ ወጡ። ሁለት ናቸው። ከእናታቸው ጋር ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ፎቶ አነሳኋቸው። የእናትየው ራስ ፎቶው ላይ ተቆርጦ ይሆናል።
የመጋዘኑ ቦታ ወደ መንገዱ በኩል ዞሯል። ግራሩ አለ። "ለጥላው ብዬ ነው" አሉ ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።
ከሰዓት ከሚላ ጠራችኝ። ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሻይ በወተት ቀዳችልኝ።
"የባለቤትሽስ ወሬ?"
ከመጋቢት ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሠፈራችን የወታደር ሚስት የሞላበት ነው። ማን ማንን ይጠይቃል? ለከሚላ ግን ነገርኳት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጋሽ አብዱልሃሚድ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። እዚያው ሆነው፣
"ነገም ነይ" አሉ። "ከነገ ወዲያም።"
ካሜራውን እዚያው ትቼ መውጣቴን ያወቅሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።
ይደር።