የሐምሌውን ፈተና የፈተኑት መምህርት ናም ግምሱክ

መምህርት ናም ግምሱክ ከአባታቸው ከናም ጂልዩንግ እና ከእናታቸው ከቹ ቡንዬ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1948 በጊምጄ የሩዝ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው በሰው ማሳ ላይ ሩዝ የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጆንጁ አጠናቀቁ፤ በ1971 ሱዎን ከተማ በአፈር ሳይንስ ተመረቁ። በ1974 የክፍለ ሀገሩ ግብርና ኮሌጅ በመምህርነት ቀጠራቸው። የኮሌጁን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ እሱም የእሳቸውን ስም ከመዝገቡ አውጥቶ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ኖሯል።

በ1975 የመስኖ ቦይ ቴክኒሺያን ከሆኑት ከፒዮ ሳንግቾል ጋር ጋብቻ መሥርተው ዱሆን እና ኡንጂንን ወለዱ።

በ1983 ኮሌጁ በግቢው ለሚማሩ ተማሪዎችም፣ በየመንደራቸው ሆነው በርቀት ለሚማሩ ገበሬዎችም የሚሆን የሩዝ ማሳ አፈርና ውሃ ትምህርት እንዲያዘጋጁ አዘዛቸው። ለገበሬ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል ያሏቸውን አልሰሙም። ለሁለቱም አንድ ሞጁልና አንድ ደረጃ ያለው ፈተና አዘጋጁ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ከገዛ ማሳ አንድ ጭብጥ አፈር በሶጁ አረቄ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ፣ እስኪዘቅጥ ጠብቆ፣ የአሸዋውንና የሸክላውን ውፍረት መለካት ነበር። የግቢው ተማሪዎች ግን አፈር ፍለጋ አጥር መዝለል ነበረባቸው።

በ1984 ኮሌጁ የርቀት ተማሪዎቹን ፈተና በሰኔ ሁለተኛው እሑድ ላይ አደረገው። የግብርና ኮሌጅ ነው ይህን ያደረገው! በዚያ ሳምንት ሜዳው በሙሉ ችግኝ ይተክላል፤ ተከላውም በወንፈል ነው። ከተመዘገቡት 312 ሰዎች የተፈተኑት 41 ብቻ ነበሩ። መምህርት ናም የቀሩትን በየቤታቸው እየዞሩ ጠየቁ። ኮ ማንሶብ የተባሉ ገበሬ፣ «መምህርት፣ ተራው የጎረቤቴ ሆኖ ሃያ ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያለ ጥዬ ልምጣ? ከዚያ በኋላ እኮ ብሞት የሚቀብረኝ አላገኝም» አሏቸው። የኮሌጁ ዲን ግን ማንንም ሳይጠይቁ «ገበሬው የመማር ፍላጎት የለውም» ብለው ሪፖርት ጻፉ።

በቀጣዩ ዓመት መምህርት ናም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ የርቀት ተማሪዎቹን ፈተና ወደ ሐምሌ አዛወሩ፤ ወረቀቱንም ተሸክመው በየመንደሩ አዳራሽ ፈተኑ። 287 ገበሬዎች ተቀመጡ። አማካይ ውጤታቸው 74 ሆነ፤ የግቢው ተማሪዎች ውጤት 61 ነበር። ኮሌጁ ይቅር ሊል ያልቻለው ይህንን ነው። የቀኑ ጉዳይ ሰበብ ነበር።

ጉዳዩ በታየበት የኮሌጁ ስብሰባ ላይ ዲኑ፣ «ወይዘሮ ናም፣ የኮሌጁን የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው የሩዝ ማሳ እንቁራሪት ነው እንዴ?» ብለው ሰውን አሳቁ።

«እንቁራሪት ቢያወጣው ኖሮ አይሳሳትም ነበር፣ ክቡር ዲን» አሉ መምህርት ናም።

የ287ቱ ሰዎች ውጤት «ከጊዜ ሰሌዳ ውጪ የተሰጠ» ተብሎ ተሰረዘ። እሳቸውም ከማስተማር ተነሥተው ወደ ዘር ማከማቻ ተመደቡ። የጻፉት ሞጁል ግን አልተሰረዘም፤ በሌላ ሰው ስም ታትሞ እስከ 2003 ድረስ ተማሪዎች ተማሩበት። ሌብነትን ሌብነት ከማለት ቀብር አይከለክለንም። በ2008 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ከወጡም በኋላ፣ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ውጤቱ ይመዝገብ።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር ይዟቸው ሆስፒታል ሲተኙ ከኮሌጁ አንድ ሹም አበባ ይዞ መጣ። የክብር ፕሮፌሰርነት ሊሰጣቸው፣ የቅጣት መዝገባቸውም ሊነሣ እንደሆነ ነገራቸው፤ የሐምሌው ፈተና «ሙከራ» እንደነበረ ከፈረሙ።

«ይፈርሙ እንጂ እማማ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«ያን ያህል ትንሽ ከሆነች እናንተ አውጧት፣ ልጄ» አሉት። አበባውን ለነርሷ ሰጧት።

ሳይፈርሙ ጥቅምት 14 ቀን 2019 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ኮሌጁ ዛሬ በቀብሩ ላይ የሐዘን ንግግር ለማድረግ ጠይቆን ነበር። ቤተሰቡ የመለሰው፣ የ287ቱን ሰዎች ውጤት ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ካለ ድምፅ ማጉያውን ይሰጠዋል፣ ባዶ እጁን የመጣ ከኋላ ይቆማል የሚል ነው። ይህ እስኪታተም ድረስ መልስ አልመጣም።

መምህርት ናም ከባለቤታቸው ከፒዮ ሳንግቾል፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአራት የልጅ ልጆቻቸው ሌላ፣ በሕይወት ያሉ 193 የሐምሌ ተፈታኞችን ትተው አልፈዋል። የሚቀጥለውን ደብዳቤ የምትጽፈው ልጃቸው ኡንጂን ናት፤ ከእሷ ጋር ለምትፈርሙ መፈረሚያው ወረቀት በሐዘን ቤቱ በር ላይ አለ።

ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። እኛን ግን ውጤቱ እስኪመዘገብ አያሳርፈን።